ከጠጠር የወጣ ግንድ፦ የወንዝን ታሪክ በዛፍ ቀለበት እንዴት እናነባለን?

የምኖረው በደቡብ ጀርመን፣ ከማይን ወንዝ ብዙም ሳልርቅ ነው። ፍራንክፈርት ያላችሁ ሀበሾች በድልድይ የምትሻገሩት ያው ወንዝ ነው። እኔ ያለሁት ግን ሽቅብ፣ በባምበርግ በኩል ነው። እዚህ ሸለቆው ሰፊ ነው። ከሣሩ ስር ደለል አለ፣ ከደለሉ ስር ጠጠር አለ፣ ከጠጠሩ ውስጥ ደግሞ ኦክ የሚባለው ዛፍ ጥቁር ግንድ ይወጣል። ሥራዬ እነዚህን ግንዶች መቁረጥ፣ በየዓመቱ የጨመሩትን ቀለበት መለካትና መቼ እንደሞቱ ማወቅ ነው።

አገር ቤት ጂኦሎጂና ደን የሚማሩ ልጆች ስለዚህ ሥራ ይጠይቁኛል። "ቀለበት መቁጠር ብቻ ነው እንዴ?" ይሉኛል። መቁጠር ከሥራው ሁሉ ቀላሉ ነው። እንግዲህ አሠራሩን ከጉድጓዱ ጀምሬ ላስረዳችሁ። ዓመቶቹን የምጽፈው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። ግንዱ ግማሽ ማስረጃ ነው፤ ሌላው ግማሽ ግንዱ የተኛበት ቦታ ነው። ከጠጠሩ ተጎትቶ ወጥቶ ዳር ላይ የተጣለ ግንድ ዕድሜውን ሊነግረን ይችላል። ስለ ወንዙ የሚነግረን ግን እጅግ ጥቂት ነው።

ግንዱ እዚያ እንዴት ገባ?

ወንዝ በመታጠፊያው ላይ የውጪውን ዳር ይበላል፣ በውስጠኛው በኩል ደግሞ ጠጠር ያከማቻል። ዳሩ ላይ የበቀለ ኦክ ስሩ ይቦረቦርና ይወድቃል። ሙላቱ ትንሽ ይገፋዋል። ከዚያ ጠጠር ይጫነዋል። ከከርሰ ምድር ውሃ በታች ከሆነ አየር አያገኘውም፣ እንጨት የሚያበሰብሰው ፈንገስም በዚያ አይኖርም። በኦክ ውስጥ ያለው ታኒን የሚባል ንጥረ ነገር ውሃው ከያዘው ብረት ጋር ሲገናኝ እንጨቱ ይጠቁራል። ሺህ ዓመታት ያለፉት ግንድ እንኳ በመጋዝ ሲቆረጥ ጠንካራ እንጨት ነው።

ይህን ሀብት በሚገባ የተጠቀሙበት የሆሄንሃይም ዩኒቨርሲቲው በርንድ ቤከር ናቸው። ከ1970ዎቹ ጀምሮ በማይን፣ በዳኑብና በራይን ዳር ካሉ የጠጠር ማውጫዎች ግንድ ሰበሰቡ። ሥራውን የቀጠሉት ሚካኤል ፍሪድሪክና ባልደረቦቻቸው በ2004 ያሳተሙት ተከታታይ የቀለበት መዝገብ 12,460 ዓመት ይሸፍናል። የመዝገቡ አብዛኛው ክፍል ኦክ ነው። ጥንታዊው ጫፍ ግን ፓይን የሚባለው ጥድ መሰል ዛፍ ነው፤ ከበረዶው ዘመን በኋላ ሸለቆውን ቀድሞ የያዘው እሱ ስለነበር። ለእኛ ትርጉሙ ትልቅ ነው። በዚህ አካባቢ የተገኘ ደህና ኦክ የሚመሳከርበት መዝገብ ቀድሞ ተዘጋጅቶለታል።

ጉድጓዱ ላይ

መጀመሪያ ከኤክስካቫተር ኦፕሬተሩ ጋር ተዋወቁ። ከማንም በላይ ግንዱን የሚያየው እሱ ነው። ለብዙ ማውጫዎች ግንድ ማሽን የሚሰብር እንቅፋት ነው፣ ይጣላል ወይም ይቃጠላል። አንዳንዱ ደግሞ ለቢላ እጀታና ለቤት ዕቃ ሠሪዎች ይሸጣል። ኦፕሬተሩ ስልክ እንዲደውልላችሁ ከፈለጋችሁ ውጤቱን መልሳችሁ ንገሩት። "ያ ያወጣኸው ግንድ ሮማውያን እዚህ አገር በነበሩበት ዘመን የወደቀ ነው" ብላችሁ ስትነግሩት ፊቱን ማየት ነው። ከዚያ በኋላ ግንድ ሲያይ ሳይነካው ይጠብቃችኋል።

የማውጣቱ ዘዴ ለውጥ አለው። ጠጠሩ ከውሃ ስር በባልዲ የሚወጣ ከሆነ ግንዱ ከየትኛው ጥልቀት እንደመጣ አይታወቅም። ውሃው በፓምፕ ተስቦ ጉድጓዱ ደርቆ የሚቆፈር ከሆነ ግን ግድግዳው ቁልጭ ብሎ ይታያል። ምርጫ ካላችሁ ሁለተኛው ጋ ሂዱ።

ግንዱ ከመንቀሳቀሱ በፊት ፎቶ አንሱ፣ ሜትር አጠገቡ አስቀምጡ። ቦታውን በጂፒኤስ ያዙ። ከመሬት ወለል ስንት ሜትር እንደሚጠልቅና ከባሕር ጠለል ያለውን ከፍታ ጻፉ። የስሩ ጫፍ ወደየት እንደሚያይ በኮምፓስ ለኩ። ስሩ ከባድ ስለሆነና መሬቱን ስለሚይዝ፣ ግንዱ በአብዛኛው ስሩን ወደ ላይኛው ተፋሰስ አድርጎ ነው የሚተኛው። ይህ የዚያን ጊዜውን የውሃ አቅጣጫ ይጠቁማል፤ ብዙ ጊዜም ከዛሬው ወንዝ አቅጣጫ ይለያል።

ከዚያ ግድግዳውን ሳሉ። ፎቶ አለኝ ብላችሁ አትተዉት፤ እጅ ሲስል ዓይን ያያል። ሻካራው ጠጠር የት ያልቃል? የአሸዋ ንብርብር አለ? ግራጫ ጭቃ የሞላው የድሮ ቦይ ይታያል? ግንዱ ያለው ከጭቃው ስር ነው ወይስ ጭቃው ውስጥ?

የግንዱን ሁኔታም ጻፉ። ስሩና ቅርንጫፉ አሉ? ቅርፊት ቀርቷል? ገጹ በጠጠር ተፍቆ ለስልሷል? ስሩን እንደያዘ፣ ሳይፋቅ የተቀበረ ግንድ ከበቀለበት ብዙም አልራቀም። የተፋቀ፣ ቅርንጫፍ የሌለውና ጫፉ የተጠጋጋ ግንድ ግን ረጅም መንገድ የመጣ ወይም ተቀብሮ እንደገና የተገለጠ ሊሆን ይችላል። ቀጥ ብሎ እንደቆመ ከነስሩ የተቀበረ ጉቶ ካገኛችሁ ደግሞ ሌላውን ሥራ ሁሉ አቁሙ። ያ ጉቶ የድሮው መሬት ወለል የት እንደነበር በትክክል ያሳያል።

የመጥረቢያ ምልክት፣ የተሾለ ጫፍ ወይም የተፈለፈለ ነገር ካያችሁ አትቁረጡ። የድልድይ ምሰሶ ወይም ታንኳ ሊሆን ይችላል። እኔ ባለሁበት በባቫሪያ ግዛት ውስጥ እንዲህ ያለ ግኝት ለቅርስ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ማሳወቅ በሕግ ግዴታ ነው።

ስለ ደኅንነት አጭር ቃል፦ ከጠጠር ግድግዳ ስር አትቁሙ። ይደረመሳል፤ ሲደረመስ ማስጠንቀቂያ አይሰጥም። የራስ ቁር አድርጉ፣ ግንዱ እንዳይንከባለልም አስደግፉት።

አቆራረጥና አያያዝ

ከስሩ እብጠት ከፍ ብላችሁ፣ ቅርንጫፍ ከሌለበት ቦታ፣ ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ክብ ቁራጭ ውሰዱ። መጋዙን ከማስነሳታችሁ በፊት ግንዱን በውሃና በብሩሽ እጠቡት። ስንጥቁ ውስጥ የተሰነቀረ ጠጠር የሞተር መጋዝ ሰንሰለት በደቂቃ ያደንዛል። ቅርፊት ወይም የውጪው እንጨት የቀረበት ቦታ ካለ፣ ቁራጩ በዚያ በኩል ማለፍ አለበት። ምንም እንኳ ለመቁረጥ የማይመች ቦታ ቢሆን ያንን ጫፍ አትተዉ። ያ ቀጭን ጠርዝ ከቀረው ግንድ ሁሉ ይበልጣል። ምክንያቱን ወደ በኋላ ታያላችሁ።

ቁራጩ ይድረቅ ብላችሁ ፀሐይ ላይ እንዳታሰጡት። ውሃ የጠገበ የኦክ እንጨት ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ይኮማተራል፣ ጠርዙም ይረግፋል። በላስቲክ ጥቅልል አድርጋችሁ፣ ውሃ በማይለቅ ቀለም ቁጥር ጽፋችሁ፣ ቀዝቃዛና ጨለማ ቦታ አስቀምጡት። ቁጥሩ በእንጨቱም፣ በላስቲኩም፣ በማስታወሻውም ላይ አንድ ይሁን።

ቀለበቱን መለካት

ኦክን በዓይን መለየት ቀላል ነው። ከመሃል ወደ ውጪ የሚሮጡ ሰፋፊ ብሩህ መስመሮች አሉት። በየቀለበቱ መጀመሪያ ላይ ደግሞ ትልልቅ ቀዳዳዎች ይደረደራሉ። አሽ የሚባለው ዛፍም ትልልቅ ቀዳዳ አለው፣ ሰፊው መስመር ግን የለውም። ኦክ ቀለበት መዝለል እጅግ ብርቅ የሆነበት ዛፍ ስለሆነ ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው።

እርጥቡን እንጨት ከመሃል እስከ ጠርዝ በምላጭ ወይም በተሳለ ቢላ ላጩት። በጣም ከለሰለሰ በረዶ እስኪሆን አቀዝቅዙትና ላጩት። ገጹ ላይ ነጭ ጠመኔ ስታሹበት ቀዳዳዎቹ ይሞላሉ፣ ቀለበቱም ፍንትው ይላል። ከዚያ በማይክሮስኮፕ ስር፣ በሚንቀሳቀስ የመለኪያ ጠረጴዛ ላይ እያንዳንዱን ቀለበት በ0.01 ሚሊ ሜትር ትክክለኛነት ለኩ። ጠረጴዛው ከሌላችሁ ጥሩ ስካነርና ኩሬኮርደር የተባለው ፕሮግራም ይበቃሉ። ቢያንስ በሁለት አቅጣጫ ለኩና አነጻጽሩ። ሁለቱ መስመር ካልተስማማ አንዱ ጋ ቀለበት ተዘሏል ወይም ሁለት ጊዜ ተለክቷል ማለት ነው።

አሁን ማመሳሰል ነው። ጥሩ ዓመት ሰፊ ቀለበት፣ መጥፎ ዓመት ጠባብ ቀለበት ይተዋል። ይህ ቅደም ተከተል በአንድ አካባቢ ባሉ ዛፎች ላይ ይመሳሰላል። መዝሙር የሚያውቅ ሰው ከመሃል ቢሰማው እንኳ የት እንደደረሰ እንደሚለየው፣ መቶ ቀለበት ያለው ግንድም በሺህ ዓመታት መዝገብ ውስጥ ቦታውን ያገኛል። ኮምፒውተሩ ግንዱን በየዓመቱ እያንሸራተተ ያነጻጽራል፣ ለእያንዳንዱ ቦታም "ቲ" የሚባል ቁጥር ይሰጣል። የቤልፋስቶቹ ማይክ ቤይሊና ጆን ፒልቸር በ1973 ያወጡት ስሌት እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ከ3.5 በላይ ሲሆን ማየት ይገባል። እኔ ግን ከ6 በታች የሆነውን በቀላሉ አላምንም። ሁለቱን መስመሮች ደርቤ ብርሃን ላይ በዓይኔ ካላየሁም አልፈርምበትም። ከ50 ቀለበት በታች ያለው ቁራጭ ብዙ ጊዜ ድካም ብቻ ነው፤ 80 እና ከዚያ በላይ ፈልጉ።

ላስጠነቅቃችሁ የምፈልገው አንድ ተንኮለኛ ነገር አለ። በዚህ አገር የግንቦት ጢንዚዛ የሚባል ነፍሳት በየ3 ወይም 4 ዓመቱ እየፈላ የኦክ ቅጠል ይጨርሳል። በዚያ ዓመት ቀለበቱ ይጠብባል። ይህ ዙር የሚታይበት ግንድ በስሌቱ ላይ የውሸት መመሳሰል ሊፈጥር ይችላል፣ ስለዚህ መስመሩን በዓይን ማየት የግድ ነው።

ከመዝገብ ጋር አልገጥም ያለ ግንድ ሲኖር ራዲዮካርቦን፣ ማለትም በእንጨቱ ውስጥ ከጊዜ ጋር እየቀነሰ በሚሄድ የካርቦን ዓይነት ዕድሜን መለካት ይረዳል። ከአንድ ግንድ በታወቀ የቀለበት ርቀት ላይ ያሉ ብዙ ናሙናዎችን አስመርምራችሁ ዕድሜያቸው ከታወቀ ዛፎች ከተሠራው የማስተካከያ (ካሊብሬሽን) መስመር ጋር ብታጋጥሙ ስህተቱ በጣም ይጠባል። ከዚህም የተሻለ ዕድል አለ። ጃፓናዊቷ ፉሳ ሚያኬ በ2012 እንዳሳየችው፣ በ774 እና 775 መካከል በዓለም ዙሪያ በዛፎች ውስጥ ያለው ራዲዮካርቦን በድንገት ጨምሯል። ያንን ዓመት የያዘ ግንድ ያለ ምንም መዝገብ በዓመቱ ይታወቃል።

ስለ መጨረሻው ቀለበት

ወንዙን የሚመለከተው ጥያቄ ዛፉ መቼ ሞተ የሚለው ነው። መልሱም ያለው ጠርዙ ላይ ነው፤ ለዚህ ነው ያንን ጫፍ አትተዉ ያልኩት።

ቅርፊት ካለ ዓመቱን ብቻ ሳይሆን ወቅቱንም ታገኛላችሁ። ከቅርፊቱ ስር ያለው የመጨረሻ ቀለበት ትልልቆቹን ቀዳዳዎች ብቻ ይዞ ከቆመ ዛፉ የሞተው በሚያዝያና በግንቦት ግድም ነው። ቀለበቱ ሙሉ ከሆነ ዛፉ የወደቀው እድገት ካቆመ በኋላ፣ በብርዱ ወራት ነው። በማይን ላይ ይህ ትልቅ ልዩነት ነው፤ የብርድ ወራት ሙላትና የሞቃት ወራት ዝናብ ጎርፍ መነሻቸው የተለያየ ነውና።

ቅርፊቱ ከሌለ፣ ግን ነጣ ያለው የውጪው እንጨት በከፊል ከቀረ፣ ግምት መስጠት ይቻላል። በደቡብ ጀርመን ኦክ ላይ ይህ ክፍል በአብዛኛው ከ10 እስከ 30 ቀለበት አለው። ጥቁሩ የውስጥ እንጨት ብቻ ከቀረ ግን "ከዚህ ዓመት በኋላ የሞተ" ከማለት አትለፉ። ምን ያህል እንደተፋቀ የሚያውቅ የለም።

ከግንድ ወደ ወንዝ

አሁን ማስታወሻችሁ ይከፍላችኋል።

የመጀመሪያው ሕግ ይህ ነው፦ አንድ የጠጠር ንብርብር ውስጡ ካለው ከመጨረሻው ወጣት ግንድ በዕድሜ አይበልጥም። ወንዝ የድሮ ጠጠር ሲቆፍር የድሮ ግንድም አውጥቶ በአዲሱ ጠጠር ውስጥ መልሶ ይቀብራል። ስለዚህ በአንድ ንብርብር ውስጥ የ4,000 እና የ1,800 ዓመት ግንድ ጎን ለጎን ብታገኙ አትደናገጡ። ንብርብሩ የ1,800 ዓመት ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። አሮጌው ግንድ የተፋቀ መሆኑን ደግሞ ማስታወሻችሁ ላይ ታገኙታላችሁ።

ቀጥሎ ግንዶቹን በካርታ ላይ ከነዓመታቸው አስቀምጡ። ዕድሜያቸው ወደ ዛሬው ወንዝ ሲጠጋ እየቀነሰ ከሄደ፣ ወንዙ የተጓዘበትን አቅጣጫ አገኛችሁ ማለት ነው። ለምሳሌ ከበቀሉበት ያልራቁ ሁለት ግንዶች በ300 ሜትር ቢራራቁና የሞቱበት ጊዜ በ150 ዓመት ቢለያይ፣ ወንዙ በአማካይ በዓመት 2 ሜትር ዳሩን እየበላ ሄዷል። ቮልፍጋንግ ሺርመር በላይኛው ማይን ላይ በየዘመኑ የተከማቹትን የጠጠር እርከኖች ለመለየት ሲሠሩ፣ የቤከር የግንድ ዕድሜዎች ትልቅ መሠረት ሆነዋቸዋል።

የሞት ዓመቶቹን በአንድ መስመር ደርድሩ። ግንዶች የሚበዙበት ዘመን ወንዙ ዳሩን አብዝቶ የበላበት ዘመን ነው። የበቀሉበትንም ዓመት ደርድሩ። ብዙዎች በአንድ ዘመን ከበቀሉ ያ መሬት በወቅቱ ረግቶ ነበር፣ ወንዙም ትቶት ሄዶ ነበር። ብዙ ሰው የሞቱን ብቻ ያያል። እኔ ግን ከመብቀሉ የበለጠ የተማርኩበት ጊዜ አለ።

በቀለበቱ ውስጥም ወንዙ አለ። በሸለቆው ያሉት ዛፎች በአንድ ዓመት በድንገት ጠበው፣ በኮረብታው ያሉት ካልጠበቡ፣ ምክንያቱ የአየር ጠባይ አይደለም። ደለል ስሩን ሸፍኖታል ወይም የከርሰ ምድር ውሃው ተለውጧል። የካናዳው ሬድ ሪቨር ደግሞ ከዚህም የረቀቀ ምሳሌ ሰጥቶናል። ስኮት ሴንት ጆርጅና ኤሪክ ኒልሰን ማኒቶባ ውስጥ ሕያው ዛፎችን፣ የድሮ ሕንፃ እንጨትና ወንዝ ዳር የተቀበሩ ኦኮችን መረመሩ። ዛፉ ማደግ በሚጀምርበት ወቅት ውሃ ለሳምንታት ከተኛበት፣ የዚያ ዓመት ትልልቅ ቀዳዳዎች ያንሳሉ። በአካባቢው ከሚታወቁት ሁሉ የሚበልጠው የ1826 ጎርፍ በቀለበቶቹ ውስጥ በዚህ ምልክት ተመዝግቦ ተገኝቷል። ስለዚህ ስትለኩ ስፋቱን ብቻ አትዩ፤ የቀዳዳዎቹንም መጠን ተመልከቱ።

አንድ ጥንቃቄ። ግንድ በዛ ማለት ሁልጊዜ ዝናብ በዛ ማለት አይደለም። በማይን ሸለቆ በሮማውያን ዘመን የወደቁ ኦኮች በብዛት ይገኛሉ። በዚያ ዘመን ሰው ኮረብታውን እየመነጠረ ያርስ ነበር። ደን የሌለው መሬት ውሃ ቶሎ ይለቃል፣ አፈሩም ይታጠባል። ጠጠሩን ከላይ የሸፈነው ቡናማ ደለል የዚያ አፈር ነው። የጎርፉን መንስኤ ከመናገራችሁ በፊት የደለሉን ውፍረትና የአበባ ብናኝ መረጃ ከግንዶቹ ጋር አስተያዩ።

አገር ቤት ለምትሞክሩት

ዘዴው እንዳለ ወደ ኢትዮጵያ አይገለበጥም። የእኛ ጥድ ቀለበት ይሠራል። ነገር ግን በልግና ክረምት ለየብቻ በሚዘንቡበት አካባቢ በአንድ ዓመት ሁለት ቀለበት ሊሠራ ይችላል። በድርቅ ዓመት ደግሞ በአንድ በኩል ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ ከተቀበረ እንጨት አትጀምሩ። ዝናብ አንድ ጊዜ ብቻ በግልጽ በሚመጣበት ቦታ፣ ዕድሜው ከሚታወቅ ሕያው ዛፍ ጀምሩ። አንድ ዛፍ በብዙ አቅጣጫ ለኩ፣ ከዝናብ መዝገብ ጋርም አመሳክሩ። መንገዱን የጠረጉ አሉ። ዶክተር አስቴር ገብረ ክርስቶስ በኢትዮጵያ ዛፎች ቀለበት ላይ ብዙ ሠርተዋል። በ2017 የወጣው፣ ሙሉጌታ ሞክርያ የመሩትና እሳቸውም የተሳተፉበት ጥናት በላይኛው አባይ ተፋሰስ የዘመናት የዝናብ ታሪክ ከጥድ አውጥቷል።

ከሕያው ዛፍ ቀጥሎ የአሮጌ ቤት ወጋግራ ነው፤ ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ፣ ጥገና ላይ ሲነሳ። የተቀበረ እንጨት የምትፈልጉት ከዚያ በኋላ ነው። ደረቅ አፈር ውስጥ ምስጥ ስለማያስተርፍ ጊዜ አታባክኑ። ዓመቱን ሙሉ ውሃ የማይለየው ረግረግ፣ የሐይቅ ዳርና በጭቃ የተደፈነ የድሮ የወንዝ ቦይ እዩ። አሸዋ የሚያወጡ ሰዎችን ጠይቁ፤ ከእነሱ በላይ የወንዙን ሆድ የሚያውቅ የለም። ለመነጻጸሪያ የሌላ አገር መረጃ ካስፈለጋችሁ ኖኣ የተባለው የአሜሪካ የውቅያኖስና የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤት የሚያስተዳድረው ዓለም አቀፍ የዛፍ ቀለበት ቋት በነፃ ክፍት ነው። የራሳችሁን ስትጨርሱም መረጃውን እዚያ አስገቡ፣ ቁራጩን እንጨት ግን አትጣሉ።